በቀይ ባሕር የምትኖር የባሕር አበባና ባለሟሎቿ

አገራችን የተራራ አገር ስለ ሆነች፥ ከእኛ ብዙዎቹ ስለ ባሕር የምናውቀው ከመጽሐፍ ያነበብነውን ወይም ከመንገደኛ የሰማነውን ነው። ተራራውን በስሙ እንጠራዋለን፤ ዛፉንም ከቅጠሉ እንለየዋለን። ስለ ባሕር ስንጠየቅ ግን ጨውና ዓሣ አለበት ከማለት በቀር ብዙ አንመልስም። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከነዚሁ አንዱ ነበርሁ። ዳሩ ግን ባለፈው ጥቅምት ወደ ደብረ ሲና ሄጄ ስመለስ፥ በቀይ ባሕር ዳር አራት ቀን ለመሰንበት ሆነልኝና ከውሃው በታች ያለውን አገር ለማየት በቃሁ። በዚያ ካየሁት ሁሉ አንዲት ፍጥረት ልቤን ስለ ማረከችው፥ ኑሮዋን በቤተ ሰብ መካከል እንዲነበብ አድርጌ ለመጻፍ አሰብሁ።

ሥራዬ በፍርድ ቤት ቃል መመዝገብ ነው፤ ስለዚህ ምስክር በዐይኑ ያየውን ከሰው ከሰማው ለይቶ መጻፍ ልማዴ ነው። በዚህም ጽሑፍ እንደዚሁ አደርጋለሁ፤ በዐይኔ ያየሁትን አየሁ እላለሁ፤ ሊቃውንት መርምረው ያገኙትንም የሊቃውንት ነው እላለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ቦታው

የሲና ምድር ወደ ደቡብ እየጠበበ ሄዶ፥ እንደ ጦር ጫፍ ሆኖ ወደ ባሕር ይገባል። ይህ ጫፍ ራስ መሐመድ ይባላል። በዓረብኛ ራስ ማለት እንደ እኛው ራስ ነው፤ ነገር ግን በዚህ ስፍራ የማዕርግ ስም አይደለም፤ ወደ ባሕር የወጣውን የምድር ጫፍ ራስ ይሉታል። ከጫፉ በስተ ምዕራብ የሱዌዝ ባሕረ ሰላጤ፥ በስተ ምሥራቅ የአቃባ ባሕረ ሰላጤ አሉ፤ ሁለቱም በዚያ ጫፍ ፊት ይገናኛሉ። የግብፅ መንግሥት በ1983 ስፍራውን ብሔራዊ ጥብቅ አድርጎ ስለ ከለለው፥ ከዚያ መርጃን ሰብሮ መውሰድ ክልክል ነው።

ከደብረ ሲና ወደ ሻርም ኤል ሼክ ከተማ የሚወርደው መንገድ በራቁት ተራሮች መካከል ያልፋል። ሣር የለም፤ ከጥቂት ግራር በቀር ዛፍ የለም፤ ድንጋዩ ከፀሐይ ብዛት የተነሣ እንደ ተጠበሰ ሆኖ ይታያል። በመኪናው መስኮት እየተመለከትሁ፥ ምድሩ እንዲህ ከደረቀ ባሕሩ ምን በረከት ይኖረው ይሆን ብዬ በልቤ አሰብሁ። ይህ ግምቴ ፈጽሞ ስሕተት እንደ ነበረ በማግሥቱ ተረዳሁ።

ቀይ ባሕር ርዝመቱ ከ2,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስስበት አንድ ወንዝ እንኳ የለውም። ፀሐይ ውሃውን ያለ ማቋረጥ ስለምትመጥጠው ጨውነቱ ከታላላቆቹ ውቅያኖሶች ይልቅ የበረታ ነው፤ በሰሜን በኩል በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 40 ግራም ያህል ጨው ይገኛል። ወንዝ ጭቃ ስለማያወርድበትም ውሃው እንደ መስተዋት የጠራ ነው፤ የፀሐይ ብርሃን እስከ ጥልቁ ድረስ ይወርዳል። አንባቢ ይህን የብርሃን ነገር ልብ ይበልልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በማግሥቱ ወለሉ መስተዋት በሆነ ጀልባ ተሳፈርን። ጀልባውን የሚነዳው ዕድሜው የገፋ ቤዱዊን ነበረ። እኔ በአገሩ ልማድ ያ ዓም እያልሁ እጠራው ነበረ፤ አጎቴ ሆይ ማለት ነው። እርሱም በእጄ ደብተርና እርሳስ ስላየ ኡስታዝ ይለኝ ጀመረ፤ መምህር ማለት ነው። እርሱ ከጎብኚዎች በለመደው፥ እኔም ከሚሲዮን ትምህርት ቤት በቀረኝ እንግሊዝኛ ተግባባን።

ከጀልባው በታች የመርጃን ቅጥር ነበረ። የባሕር ሰዎች ሪፍ የሚሉት ይህ ነው። ለአንገት ጌጥ ስንገዛው ድንጋይ የሚመስለን መርጃን፥ በእውነቱ ጥቃቅን እንስሳት ተባብረው የሠሩት ቤት ነው፤ እነዚህም ቤታቸውን በቤታቸው ላይ እየደራረቡ በብዙ ሺህ ዓመት ተራራ የሚያህል ቅጥር ያቆማሉ። በቅጥሩ ራስ ላይ ያለው ውሃ ጥቂት ክንድ ብቻ ነው፤ ከዳሩ ግን እንደ ገደል ወደ ጥቁር ሰማያዊ ጥልቀት ይወርዳል። በስሜን ከአምባ ጫፍ ቆሞ ወደ ቆላው የተመለከተ ሰው፥ ጀልባው ከዚያ ዳር ላይ ሲያልፍ ጉልበቴ ለምን እንደ ራደ ያውቃል።

ስለ ባሕር አበባዋ

በዚህ ገደል አፋፍ፥ በመርጃኑ ንቃቃት ውስጥ፥ አንዲት ቁጥቋጦ የምትመስል ነገር አየሁ። ከመቶ የሚበልጡ ጣቶች ነበሯት፤ ጣቶቹም የማር ቀለም ያላቸው፥ ወደ ጫፋቸው ሲደርሱ እንደ ጨሌ ዶቃ የሚያብጡ፥ ከጫፉም ትንሽ ሐምራዊ የሚታይባቸው ነበሩ። ውሃው በተነሣ ቍጥር፥ ነፋስ እንደሚያወዛውዘው የጤፍ እርሻ ሁሉም ባንድነት ይዘነበሉ ነበረ። በመካከላቸውም ብርቱካን የመሰሉ ሁለት ዓሦች ይገቡና ይወጡ ነበረ። በያንዳንዱ ዓሣ ገላ ላይ ዳራቸው ጥቁር የሆነ ሁለት ነጫጭ መታጠቂያዎች ነበሩ፤ አንዱ ከዐይኑ በስተ ኋላ፥ ሁለተኛውም በወገቡ ላይ። ዓሦቹ በዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲተኙና ሲገላበጡ ሳይ፥ ለስላሳ አልጋ አገኙ ብዬ ቀናሁባቸው።

በሁለተኛው ቀን የዐይን መስተዋትና የመተንፈሻ ቧንቧ አድርጌ፥ ከጀልባው በተጣለልኝ ገመድ ተይዤ ወደ ውሃው ገባሁ። ቁጥቋጦዋ ከእጄ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ስትሆን፥ አበባ ያየ ሕፃን እንደሚያደርገው ሁሉ እጄን ዘረጋሁ። ያን ጊዜ ሽማግሌው በአጠገቤ ጠልቆ ክንዴን ያዘኝ። ከውሃው በላይ ብቅ ባልን ጊዜ እንዲህ አለኝ፤

«ኡስታዝ፥ ይህች አበባ አይደለችም። አፍ አላት፤ ትበላለች፤ መርዝም አላት። ደግሞም ቤት ናት፤ ሰው የሰውን ቤት ሳይጠራ አይገባም።»

«ዓሦቹስ እንዴት ገቡ ያ ዓም?» አልሁት።

«እነርሱ ደጅ ጠንተው ነው» አለና ሣቀ።

ሽማግሌው በጨዋታ የተናገረው ቃል እውነት እንደ ሆነ ቆይቼ ከመጻሕፍት ተረዳሁ። ይህች ፍጥረት የባሕር አበባ ብትባልም እንስሳ ናት፤ ከመርጃንም ጋር የሥጋ ዘመድ ናት። አጥንት የላትም፤ ራስ የላትም፤ ደምም የላትም። ከታች እግሯ በንቃቃቱ ውስጥ ድንጋዩን አጥብቆ ይይዛል፤ ከላይ በጣቶቿ መካከል አንድ አፍ አለ። በዚያው አፍ ትበላለች፤ የማይረባትንም በዚያው ትተፋለች። ሰው ወይም ዓሣ ሲያስደነግጣት ገላዋን ጨምቃ ወደ ንቃቃቷ ትገባለች፤ ጥቂት ቀደም ሲል አበባ የታየበት ስፍራ ባዶ ድንጋይ ይሆናል። ስትዘረጋ ስፋቷ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። አንዳንድ ጊዜም እንቍላል ሳይኖር፥ ገላዋ ከመካከል ተከፍሎ ሁለት ትሆናለች፤ ስለዚህ በጥልቁ ብቻዋን የምትኖር ስትሆን፥ በማይጠልቀው ውሃ ግን ከአንዲት እናት የተከፈሉ ብዙዎች ተጠጋግተው እንደ ምንጣፍ ይታያሉ። አገሯም ከቀይ ባሕርና ከምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ጀምሮ እስከ ጃፓንና እስከ አውስትራሊያ ድረስ ነው።

ስም ስላወጣላት ሰው

ስለ ስሟ ስመረምር ያላሰብሁትን የአገሬን ነገር አገኘሁ። በ1794 በፍራንክፉርት የተወለደ ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ መንገደኛ ነበረ። በ1822 ወደ አቃባ ደረሰ፤ ከዚያም በቀይ ባሕር ዳርቻ እየዞረ ዓሣውንና ሌላውን የባሕር ፍጥረት ይሰበስብ ነበረ። ሌውካርት የተባለው ሊቅ ከዚህ ስብስብ መርምሮ፥ በ1828 ይህችን የባሕር አበባ በላቲን ኳድሪኮሎር ብሎ ሰየማት፤ ባለ አራት ቀለም ማለት ነው። ዛሬ ሊቃውንት ኤንታክሜያ ኳድሪኮሎር ይሏታል። በ1830 ደግሞ ሩፔል ራሱ ዓሣውን አምፊፕሪዮን ቢሲንክቱስ አለው፤ ቢሲንክቱስ ማለት ሁለት ጊዜ የታጠቀ ማለት ነው። ስለዚህ እኔ በጀልባ ላይ ሆኜ በደብተሬ መታጠቂያ ብዬ የጻፍሁትን፥ እርሱ ከ190 ዓመት በፊት አስቀድሞ አይቶታል።

ይኸው ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ በምጽዋ በኩል ወደ አገራችን ገብቶ፥ የስሜንን ተራራ ተሻግሮ እስከ ጎንደር ደርሷል። ዋልያንና ጭላዳን በ1835 መርምሮ ለአውሮፓ ሊቃውንት ያስታወቀ እርሱ ነው፤ የብራና መጻሕፍትም ወደ ፍራንክፉርት ወስዷል። በዚያ ዘመን ይህን ዕውቀት መፈለግ ቀላል አልነበረም፤ ሔምፕሪክ የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ሊቅ የቀይ ባሕርን ፍጥረት ሲመረምር በ1825 በምጽዋ በንዳድ ታምሞ ሞቷል። የዋልያው ስምና የዚህች የባሕር አበባ ስም ከአንድ ሰው ጉዞ መገኘታቸውን ባወቅሁ ጊዜ፥ ባሕሩ እንደ ፊቱ የባዕድ አገር ሆኖ አልታየኝም።

ስለሚታየው ባለሟል

በዓለም ያሉት የባሕር አበባ ዓይነቶች ከ1,000 ይበልጣሉ፤ እንዲህ ያለውን ዓሣ በቤታቸው የሚያሳድሩት ግን 10 ያህል ዓይነቶች ብቻ ናቸው። ከእነዚህም መካከል ባለ አራት ቀለሟ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ዓይነት ዓሣ ትቀበላለች። በሰሜኑ ቀይ ባሕር ግን ባለሟሏ ሁለት መታጠቂያ ያለው ያ ዓሣ ብቻ ነው።

የአበባዋ ጣቶች በመርዝ መርፌ የተሞሉ ናቸው። እያንዳንዱ መርፌ በዐይን በማይታይ ከረጢት ውስጥ እንደ ገመድ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ አንድ ነገር ሲነካው ዐይን ከመጨፈን ይልቅ ፈጥኖ ይወረወራል። ትንሽ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ በዚህ ተወግቶ ሲደነዝዝ፥ ጣቶቹ ወደ አፏ ያደርሱታል። ታዲያ ባለ ሁለት መታጠቂያው በዚህ መርዝ መካከል ሲተኛ ለምን አይሞትም? የዓሣ ሁሉ ገላ በዝልግልግ ቅባት የተሸፈነ ነው። በሌሎች ዓሦች ቅባት ውስጥ መርፌውን የሚቀሰቅስ ነገር ሲኖር፥ በዚህ ዓሣ ቅባት ግን ያ ነገር እጅግ ጥቂት እንደ ሆነ ሊቃውንት በቅርብ ጊዜ ደርሰውበታል። ይህም ቢሆን አዲስ ዓሣ በድፍረት አይገባም። አስቀድሞ በጅራቱ ይነካታል፤ ይሸሻል፤ ተመልሶም በሆዱ ይነካታል፤ እንዲህ እያለ ከለመደችው በኋላ ይገባል። ሽማግሌው ደጅ መጥናት ያለው ይህንን ነበረ።

ዓሣው ከአበባዋ የሚያገኘው መጠጊያ ነው፤ ዋናው ደካማ ስለ ሆነ ከእርሷ ርቆ ቢገኝ ለትላልቅ ዓሦች ምግብ ይሆናልና። እርሱ ለእርሷ የሚያደርገው ግን ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የኖረ ነው። ቢራቢሮ ዓሣ የሚባሉት ጠፍጣፋ ዓሦች የአበባዋን ጣት መቀንጠስ ይወዳሉ፤ ይህ ትንሽ ዓሣ ግን ከርሱ የሚበልጠውን ሳይፈራ ያባርራል። በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ሊቃውንት ለሙከራ ዓሦቹን ከአበባዎቹ ባነሡ ጊዜ ቢራቢሮ ዓሦች መጥተው አጠቋቸው፤ አበባዎቹም ጣታቸውን ሰብስበው ወደ ንቃቃታቸው ገቡ። እኔም በዐይኔ ያየሁት አለ፤ ወደ አበባዋ በቀረብሁ ጊዜ ከሁለቱ ዓሦች ትልቁ፥ ቁመቱ ከመዳፌ የማይበልጥ ሲሆን፥ ወጥቶ በዐይኔ መስተዋት ፊት ቆመና እንደሚዋጋ ወይፈን ተወረወረብኝ። እኔም ወደ ኋላ አልሁ።

የሌሊቱ አገልግሎት ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ሌሊት ውሃው ጸጥ ሲል በአበባዋ ዙሪያ ያለው ኦክሲጅን ያንሳል። ዓሣው በዚያን ጊዜ በጣቶቿ መካከል ሆኖ ክንፉን ያርገበግባል፤ ገላውንም ይገላብጣል። ውሃው ስለሚንቀሳቀስ አበባዋ ትተነፍሳለች። በ2013 ታትሞ የወጣ ጥናት በእነዚሁ በሁለቱ፥ በባለ አራት ቀለሟና በባለ ሁለት መታጠቂያው ላይ ተደርጎ፥ ሌሊት አብረው ሲሆኑ የሚወስዱት ኦክሲጅን ለየብቻቸው ሆነው ከሚወስዱት ድምር እንደሚበልጥ አሳይቷል። እንግዲህ በመጀመሪያው ቀን ለስላሳ አልጋ አገኘ ብዬ የቀናሁበት ዓሣ፥ በአልጋው ላይ ሆኖ ሌሊቱን ሁሉ የእመቤቱን ማራገቢያ ይዞ የሚያድር ኖሯል።

የዓሦቹ የቤት ሥርዓት

ይህ ክፍል ወይዛዝርት ሲያነቡት ፈገግ የሚያሰኝ ይሆናል። በአንዲት አበባ ውስጥ ከሚኖሩት ዓሦች ሁሉ ትልቋ ሴቲቱ ናት፤ የቤቱ አዛዥ እርሷ ናት። ሁለተኛው ባሏ ነው። ሌሎች ትንንሾች ቢኖሩ የእነርሱ ልጆች አይደሉም፤ ከውጭ መጥተው የተጠጉ ናቸው እንጂ፤ ተራቸውም እስኪደርስ ድረስ አይወልዱም። ሴቲቱ እንቍላሏን በአበባዋ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ታኖራለች፤ የአበባዋም ጣቶች ከላይ ይጋርዱታል። ከዚያ በኋላ ሞግዚቱ ባልዮው ነው፤ እንቍላሉን በክንፉ ያራግባል፤ የተበላሸውንም በአፉ ይለቅማል። አንድ ሳምንት ያህል ሲሆን ጫጩቶቹ ከመሸ በኋላ ይፈለፈላሉ። ውሃውም ይወስዳቸዋል፤ ጥቂት ቀን በባሕር ላይ ተንከራትተው የአበባን ሽታ ተከትለው ወደ መርጃኑ ይመለሳሉ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው፤ ሴቲቱ የሞተች እንደ ሆነ ባልዮው ቀስ በቀስ ተለውጦ ሴት ይሆናል፤ ከትንንሾቹም ታላቁ አድጎ ባል ይሆናል። እንዲህ አድርጎ ያ ቤት ሳይዘጋ ይኖራል። ይህ ሁሉ ሥርዓት የሚቆመው ግን አበባዋ በስፍራዋ ስትኖር ነው።

ስለማይታየው ባለሟል

እስካሁን የተናገርሁት በዐይን ስለሚታየው ነው። ለአበባዋ ከዓሣው ይልቅ የሚቀርባት ሌላ ባለሟል አለ፤ እርሱም በሥጋዋ ውስጥ ይኖራል። አልጌ የሚባል እጅግ ደቃቅ የውሃ ፍጥረት ነው፤ አንዱን ለብቻው ያለ ማጉያ መነጽር ማየት አይቻልም። የማር ቀለም ያየሁባት የራሷ ቀለም አልነበረም፤ የነዚህ የአልጌዎች ቀለም ነው እንጂ።

አስቀድሜ ስለ ብርሃን ልብ በሉልኝ ያልሁት ለዚህ ነበረ። አልጌው በጠራው ውሃ ውስጥ የሚወርደውን የፀሐይ ብርሃን ተቀብሎ፥ እንደ ምድር ተክል ሁሉ ስኳር ይሠራል፤ ከስኳሩም ብዙውን ለአበባዋ ይሰጣታል። እርሷ ከጣቶቿ አደን የምታገኘው ምግብ ብቻውን በደኅና አያኖራትም። አልጌው በተራው መጠለያ ያገኛል፤ ከአበባዋና ከዓሣው ገላ የሚወጣው አሞኒያም፥ እበት ለእርሻ እንደሚሆን ሁሉ፥ ለእርሱ ማዳበሪያ ይሆነዋል። ስለዚህ አንዲት ያልናት ሦስት ናት፤ አንዱ ያበላል፥ አንዱ ይጠብቃል፥ አንዷ ታሳድራለች።

ስለ ነጭነት

በሦስተኛው ቀን ጀልባው በሌላ በኩል ሲያልፍ፥ ከፊተኞቹ ሁሉ የተለየች አየሁ። እንደ ተባዘተ ጥጥ ነጭ ነበረች፤ ፀሐይ ሲያርፍባትም ታበራ ነበረ። አንድ ባለ ሁለት መታጠቂያ ዓሣ ብቻውን ይዞራት ነበረ። እኔም ደብተሬን ገልጬ፥ ከሁሉ ያማረችው ነጪቱ ናት ብዬ ጻፍሁ፤ የጻፍሁትንም ለሽማግሌው ነገርሁት። እርሱ ሞተሩን አጥፍቶ ዝም አለ። ቆይቶም፤

«ኡስታዝ፥ እርሷ አላማረችም፤ ታምማለች» አለኝ።

«ምን ሆና ያ ዓም?»

«ቀለሟ ጥሏት ሄዷል። ቀለሟ ምግቧ ነበረ። አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበረ፤ ስለዚህ ባሕር ያላጫወተኝ ነገር አልነበረም፤ ይህን ነጭነት ሲያነሣ ግን አልሰማሁም።»

ሊቃውንትም እንዲሁ ይላሉ። የባሕሩ ሙቀት ከለመደው የበጋ ሙቀት በአንድ ወይም በሁለት ዲግሪ ከፍ ብሎ ብዙ ሳምንት ሲቆይ፥ አልጌው ከብርሃን ጋር የሚሠራው ሥራ ይበላሽበታል፤ በስኳር ፈንታም የሚጎዳ ነገር ማውጣት ይጀምራል። አበባዋም ከሥጋዋ ታስወጣዋለች። ያን ጊዜ ሥጋዋ እንደ ብርጭቆ የሚያሳልፍ ስለ ሆነ ነጭ ሆና ትታያለች። ወዲያው አትሞትም። ሙቀቱ ፈጥኖ ካለፈላት አልጌው ተመልሶ ይበዛል፤ እርሷም ትድናለች። ሙቀቱ ከቆየ ግን ገላዋ ከቀን ወደ ቀን እያነሰ ይሄዳል፤ ለዓሣውም መጋረጃ የሚሆነው ጣት ያጥርበታል።

በ2023 በጋ ይህ ነገር በቀይ ባሕር መካከለኛ ክፍል፥ በሳውዲ ዓረቢያ በኩል ሆነ። ሊቃውንት አስቀድመው ይከታተሏቸው በነበሩ ሦስት የመርጃን ቅጥሮች ላይ የባሕር አበባዎቹ ነጡ፤ ነጭነቱም ለወራት ቆየ። በመጨረሻ ሲቈጠር፥ ባለ ሁለት መታጠቂያዎቹ ዓሦች ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ጠፍተው ነበረ፤ ከአበባዎቹም የሞቱት ከቀሩት በዙ። በሚያዝያ 2024 ደግሞ የዓለም ሊቃውንት፥ የመርጃን መንጣት በምድር ዙሪያ ለአራተኛ ጊዜ መድረሱን አስታወቁ። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ሰው ከሚያነድደው የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ዘይት የሚወጣው ጢስ አየሩን ያሞቀዋል፤ ከዚያም ሙቀት አብዛኛውን ባሕር ይቀበለዋል።

የሰሜኑ ቀይ ባሕርና የአቃባ መርጃን ከሌላው አገር መርጃን ይልቅ ሙቀትን እንደሚችል ታውቋል። ሊቃውንት ምክንያቱን ሲናገሩ፥ የዚህ መርጃን ዘሮች በጥንት ዘመን ወደ ሰሜን የመጡት፥ እጅግ ሞቃት በሆነው በባብ ኤል መንደብ በርና በደቡቡ ባሕር አልፈው ስለ ሆነ፥ ያን መንገድ የቻለው ብቻ ተረፈ ይላሉ። ስለዚህ በሌላው ባሕር ያለው ቢጠፋ እንኳ በዚህ ይቀራል የሚል ተስፋ አላቸው። ዳሩ ግን ሙቀት የሚችለው መርጃኑ ነው ሲባል፥ በመርጃኑ ንቃቃት የምትኖረው አበባ ሁሉ ትችላለች ማለት አይደለም፤ ነጪቱን ያየሁዋት በዚያው በሰሜኑ ባሕር ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ አልሁ። ዓሣው ደፋር ነው፤ አበባዋም መርዝ አላት፤ ሁለቱም በሚታየው ጠላት ላይ ይበረታሉ። ያ ቤት የፈረሰው ግን በዓሣውም በአበባዋም ጉድለት አይደለም። ከሦስቱ ታናሹ፥ ማንም ስሙን የማያነሣው፥ በዐይን የማይታየው ሠራተኛ መሥራት ስለ ተሳነው ነው። ከርሱ በኋላ አበባዋ ተራበች፤ ከአበባዋ በኋላ ዓሣው ቤት አጣ። በየቤታችንም እንጀራውን የሚጋግር፥ ውሃውን የሚቀዳ፥ እሳቱን የሚያነድድ ሰው አለ፤ እንግዳ ሲመጣ የሚመሰገነው ግን በአዳራሹ የተቀመጠው ነው። ይህን ለአንባቢ ትቼዋለሁ።

በአራተኛው ቀን ከመመለሴ በፊት ሽማግሌውን ለመንሁትና ወደ ነጪቱ ስፍራ እንደ ገና ወሰደኝ። ጀልባውን በመርጃኑ ላይ መልሕቅ ሳይጥል፥ አስቀድሞ በተተከለው ተንሳፋፊ ላይ አሰረው። ለረጅም ጊዜ በመስተዋቱ ወለል ተመለከትን። በጣቶቿ ሥር፥ ወደ እግሯ በኩል፥ የማር ቀለም ያለው ትንሽ ጥላ አየሁ መሰለኝ፤ ሽማግሌውን ብጠይቀው ግን፥ «ብርሃኑ ይሆናል፤ ይህ የሚታወቀው ከወር በኋላ ነው» አለኝ። ዓሣው አልተለያትም ነበረ፤ በአጠሩት ጣቶቿ መካከል ሆኖ ክንፉን ያርገበግብ ነበረ።

አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ በጉዞው የያዝሁትን ደብተር ገልጬ ያ ቃል ካለበት ገጽ ደረስሁ። መዝገብ ጸሐፊ የተሳሳተውን አይፍቅም፤ በላዩ መሥመር አስምሮ እውነቱን በአጠገቡ ይጽፋል። እኔም ከሁሉ ያማረችው ነጪቱ ናት በሚለው ላይ መሥመር አስምሬ፥ በኅዳጉ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፤ ተርባለች፤ ዓሣው ግን ገና ከርሷ ጋር ነው።